አሥራ ሁለተኛው ነጥብ

ሰዓት ሠሪውን ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው «ጋሽ ሴኮንድ» በሚል ቅጽል ስም ነው። ስሙ የወጣለት በፍጥነቱ እንዳይመስላችሁ። ሰዓት ያመጣ ሰው «መቼ ልምጣ?» ሲለው ቀና እንኳ ሳይል «አንድ ሴኮንድ» ይላል፤ ያቺ አንድ ሴኮንድ ሦስት ሳምንት ትፈጃለች። ሰው ይመላለሳል፣ ይነጫነጫል፣ «ሌላ ጋ እወስደዋለሁ» ብሎ ይዝታል፤ ግን አይወስደውም። አንድ ሐሙስ የቀረው ሰዓት እንኳ ከእሱ እጅ ከወጣ በኋላ ዓመታት ይሠራል። ይህን ሰው ያውቃል፣ እሱም ያውቃል፤ ማወቁ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ትንሽ አበላሽቶታል።

ሱቁ አንዲት ጠባብ ክፍል ናት፤ ግማሿ የእሱ፣ ግማሿ የታላቅ እህቱ። እህቱ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋን ስትረግጥ ወለሉ ይንቀጠቀጣል፣ ከወለሉ ጋር ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል፣ ያኔ በወረንጦ የያዛት ከአሸዋ ቅንጣት የማትበልጥ ብሎን በርራ የት እንደገባች አትታወቅም። ስለዚህ ስምምነት አላቸው። እሱ ጠረጴዛውን አንዴ ሲያንኳኳ እሷ ታቆማለች፤ ሁለቴ ሲያንኳኳ ትቀጥላለች። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ሠርተዋል። እሷ ሲበዛባት «ልብስ ሰፊ ነኝ ወይስ በር ከፋች?» ትለዋለች። እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ሥራውን ይሠራል።

እንከን አይችልም። የተጣመመ ነገር ካየ ቀኑን ሙሉ ያንን ሲያመነዥክ ይውላል። አንድ ጊዜ ከፊት ለፊቱ ያለው ፋርማሲ ማስታወቂያ በአንድ ጎኑ ዘመም ብሎ ቢያየው፣ መሰላል ተውሶ፣ ወጥቶ፣ አቃንቶት ወረደ። ፋርማሲስቷ ከውስጥ ሆና በመስኮቱ እግር ብቻ ስታይ ሌባ መስሏት ጮኸች። ባትሪ ሊያስቀይር የመጣን ሰው ሰዓት ሳይጠየቅ ጭረቱን አጥፍቶ፣ ማሰሪያውን ወልውሎ፣ የዘመመች ቁጥር ካለች አቃንቶ ነው የሚመልሰው። አላገባም። እህቱ ምክንያቱን ለጠየቃት ሁሉ «ሴት ስናጭለት በዚያ አጉሊ መነጽሩ ነዋ የሚያያት» ትላለች። እሱ ይስቃል፤ ግን ቀልዱ ሁልጊዜ አያስቀውም።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት አንዲት አሮጊት በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ገቡ። መሐረቡን ጠረጴዛው ላይ ፈቱት። ውስጡ የድሮ የእጅ ሰዓት አለ፤ ቆዳ ማሰሪያው ከማርጀቱ የተነሣ ለስልሶ እንደ ጨርቅ ሆኗል።

«ልጄ፣ ሰዓቷ ትሄዳለች። አልቆመችም» አሉ።

«ታዲያ ምን ሆነች እማማ?»

«በጨለማ አታበራም።»

ሰዓት ሠሪው ፈገግ አለ። ለጌጥ ያሉት መሰለው። እህቱ ግን ወንበሯን ለቀቀችላቸው፤ እሳቸውም ተቀምጠው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ነገሩን ከሥሩ ጀመሩት።

ባለቤታቸው ዳቦ ጋጋሪ ነበሩ። ይኼኔ ሰዓት ሠሪው አወቃቸው። ከታች መንገድ የነበረው ዳቦ ቤት ከተዘጋ ስድስት ዓመቱ ነው፤ አሁን የስልክ መሸጫ ሆኗል። ግን በዚያ ሰፈር ያደገ ሰው ሁሉ የእኚያን ሰው ዳቦ እየገመጠ ነው ትምህርት ቤት የሄደው።

«አርባ ዓመት ሙሉ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት እየተነሣ ምድጃ ሲያነድ ኖረ» አሉ አሮጊቷ። «አሁን አእምሮው ሸሽቶታል። ቀን ቀን ደህና ነው፤ ይቀመጣል፣ የሰጡትን ይበላል። ሌሊት ግን ሦስቴ አራቴ ይነቃል። ይነቃና ‹አረፈድኩ› ይላል። ‹ገና ነው፣ ተኛ› ብለው አያምነኝም። ‹አንቺ ሴትዮ ከሥራ ልታስባርሪኝ ነው› ይለኛል።»

«መብራት ቢያበሩላቸውስ?»

«መብራት ካየማ ነጋ ብሎ ጫማውን ያጠልቃል። በሩን ብቆልፈው በቡጢ ይደበድበዋል፤ ሲደክመው እዚያው በሩ ሥር ቁጭ ብሎ ያለቅሳል። እሱ የሚያምነው ይችን ሰዓት ብቻ ነው። ድሮ በጨለማ አየት ያደርጋትና ‹ገና ነው› ብሎ ለጥ ይላል። አሁን ሲያያት ጨለማ ናት። ቆማለች ብሎ ይነሣል።»

ባለፈው ወር ባለቤታቸው ዋናው መንገድ መሃል ላይ ደርሰው፣ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር በስንት መከራ ፍሬን ይዞ ነው ያዳናቸው። ሌላ ከተማ የሚኖረው ልጃቸው ይህን ሲሰማ፣ አንድ ጊዜ ደግመው ከወጡ መጦሪያ ቤት አስገባቸዋለሁ ብሏል፤ ቦታም አስይዟል።

«ክፉ ሆኖ አይደለም። ፈርቶ ነው» አሉ። «ግን ቤቱ የወንዶች ነው። እኔን አይቀበሉኝም።»

ሰዓት ሠሪው ጠረጴዛውን አላንኳኳም፤ የእህቱ መኪና ግን ከቆመ ቆይቷል። ከልማዱ «አንድ ሴኮንድ» ሊል አፉን ከፈተና ተወው።

«ቅዳሜ ይምጡ» አለ። እህቱ በሃያ ሁለት ዓመት ቀን ሲቆርጥ ስትሰማው የመጀመሪያዋ ስለነበር፣ ክሯን ሳትቆርጥ ቀና ብላ አየችው።

አሮጊቷ እንደወጡ ሰዓቷን ከፈታት። መስታወቷን አነሣ፣ ጠቋሚዎቿን ነቀለ፣ ፊቷን አወጣና አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ደቅኖ ጎነበሰ። በየሰዓቱ ቦታ የተነጠበው የሚያበራ ቀለም እንደ ተቃጠለ የዳቦ ፍርፋሪ ጠቁሮ ተሰነጣጥቋል። አሥራ አንዱ ነጥብ እንዲህ ነው። አሥራ ሁለተኛው ግን ጭራሽ የለም። በቀኝ በኩል፣ መሃል ላይ፣ ነጥቡ የነበረበት ቦታ ባዶ ነው፤ አንዳች ነገር መትቶት ረግፎ ኖሯል።

ከንፈሩን መጠጠ። «ይኼን ሁሉ ዘመን ጎዶሎ ሆና ስትኖር አንድ ሰው አላየላትም» አለ።

«ስለ እኔ ነው የምታወራው?» አለች እህቱ።

የድሮ የሚያበራ ቀለም መርዝ ነው፤ ቀልድ አይወድም። ሙያውን ያስተማሩት ሽማግሌ በጉብዝናቸው ጊዜ የብሩሻቸውን ጫፍ በምላሳቸው እያሾሉ ነው የሠሩበት፤ በስተርጅና መንጋጋቸው ታሞ፣ ምግብ ተፈጭቶላቸው ነው የሞቱት። ስለዚህ የሱቁን በር ከፍቶ፣ እህቱን «እስኪ ለአንድ ሰዓት ገበያ ሂጂልኝ» ብሎ አስወጥቶ፣ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ አድርጎ፣ አቧራው እንዳይነሣ ነጥቦቹን አንድ በአንድ በውሃ ጠብታ አራሰ። በስቴኪኒ ጫፍ ቀስ እያለ ፈገፈጋቸው። የወጣውን ቆሻሻ ከነጨርቁ በፕላስቲክ ጠቅልሎ ለብቻው በቆርቆሮ አሸገው። ፊቷ ሲጸዳ የተላጨ አገጭ መሰለች።

ከዚያ አዲሱን አበጀ። ዱቄቱንና ቫርኒሹን በመስታወት ላይ ያቀላቅላል፤ ከቀጠነ ይፈስሳል፣ ከወፈረ ደርቆ ይሰነጠቃል። ሦስት ጊዜ አበላሽቶ ጣለው። በአራተኛው ልክ መጣለት። በመርፌ ጫፍ እያነሣ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ አንዱን ነጥብ ካንዱ ሳያበላልጥ አስቀመጠ። ጠቋሚዎቹን ደግሞ ገልብጦ ከጀርባ ሞላቸው፤ መሃላቸው ክፍት ስለሆነ ቀለሙ በክፍቱ ላይ እንደ ሳሙና አረፋ ስስ ሆኖ ይዘረጋል። የመጨረሻውን ነጥብ፣ ያን ባዶ ቦታ፣ ለዓርብ ጠዋት አሳደረው፤ እጁ እረፍት ያገኘበት፣ ዓይኑ ያልደከመበት ሰዓት ነውና። ሲያስቀምጠው ልቡ ቅቤ ጠጣ። በዕድሜው ከሠራቸው ነጥቦች ሁሉ የተዋጣለት እሱ ነበር ማለት ይቻላል፤ ክቡ ክብ፣ ከፍታውም ከሌሎቹ ጋር እኩል።

ቅዳሜ አሮጊቷ ሲመጡ እህቱ ለደንበኞቿ ልብስ መለኪያ ከምትጠቀምበት ወፍራም መጋረጃ ጀርባ አስገባቸው። ሁለቱም ጎንበስ ብለው፣ አንገት ለአንገት ተገናኝተው አዩ። በጨለማው ውስጥ አሥራ ሁለት አረንጓዴ ነጥቦች በክብ ቆመዋል።

«ኧረ እጅህ ይባረክ» አሉ አሮጊቷ። «በሕይወቴ እንዲህ አድርጌ አይቻት አላውቅም። እሱ በግራ እጁ ነው የሚያስራት፣ እኔ በቀኙ ነው የምተኛው።»

«አንድ ነገር ልንገርዎት። የድሮው ቀለም በራሱ ነበር የሚያበራው። ይኼኛው ብርሃን መብላት ይፈልጋል። ማታ ማታ ከመተኛታቸው በፊት አምፖል ሥር ያቆዩአት። እስከ ንጋት ይደክማል እንጂ አይጠፋም።»

«አበላታለሁ» አሉ፤ ሰዓቷን በመሐረባቸው ጠቅልለው ሄዱ። ሰዓት ሠሪው የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ማንንም ሳይቆጣ ዋለ።

ማክሰኞ ተመለሱ። በዚህኛው ቀን ሰዓቷ በመሐረብ አልተጠቀለለችም፤ በመዳፋቸው ብቻ ይዘዋት መጡና ጠረጴዛው ላይ አኖሯት።

«እሑድ ሌሊት ወጣ» አሉ።

ቅዳሜ ሌሊት ባለቤታቸው ነቅተው ሰዓቷን አዩ። ግንባራቸውን ቋጠሩ። «ይኼ የኔ አይደለም» አሉ። ሚስትየው አባብለው አስተኟቸው። እሑድ ሌሊት ግን ሰዓቷን ፈትተው ትራሱ ላይ አስቀምጠዋት፣ በእግር ጣታቸው ሄደው፣ ካልሲ ብቻ እንዳደረጉ ወጥተዋል። ጋዜጣ የሚያድል ሰው ነው አውቋቸው ያመጣቸው።

«እኔ አልሰማሁም» አሉ አሮጊቷ። «ሰዓቷን አምኜ በሩን ሳልቀረቅር ተኛሁ። ስንት ወር በአንድ ዓይኔ ስተኛ ከርሜ፣ ያን ዕለት በሁለቱም ተኛሁ።» ድምፃቸው አልተለወጠም፤ ይህ ነው የባሰው። «ልጄ ነገሩን ሰምቷል። ቅዳሜ በመኪና መጥቶ ይወስደዋል።»

ሰዓት ሠሪው ክው አለ። ክው ያለ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ ደግ አይሆንም። ሰዓቷን አንሥቶ አገላበጣትና «እማማ፣ ሰዓቷ ላይ ምንም እንከን የለም» አለ። «አእምሮ የከዳውን ሰው እኔ በሰዓት ልመልሰው አልችልም።»

«ልክ ነህ ልጄ» አሉ። ተነሡ። ሰዓቷን አልወሰዱም።

እህቱ በሩ እስኪዘጋ ጠበቀች። «አሁን እሳቸው ስለ እንከን ጠየቁህ?» አለችው። «ሰውዬው ሊወሰድባቸው ነው የነገሩህ። አንተ ስለ ክብህ ታወራለህ።»

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

«እኔ ምን አውቄ። ልብስ ሰፊ ነኝ። ደንበኛ ‹ልኬ አይደለም› ካለኝ ግን ልብሱን ይዤ አልጨቃጨቅም፤ ሰውዬውን ነው እንደገና የምለካው።»

ሰዓት ሠሪው እስከ ቀትር አጉሊ መነጽሩን ሳያወርድ ሰዓቷን አያት። ነጥቦቹ እኩል ናቸው። ጠቋሚዎቹ ቀጥ ብለዋል። ምንም አጣባት። ቀስ በቀስ ግን «ይኼ የኔ አይደለም» የሚለው ቃል እንደ ሙያ ቃል ይሰማው ጀመር። አንድ ሰው አርባ ዓመት በእጁ ያሰራትን ሰዓት የኔ አይደለችም ካለ፣ ስሙን ቢረሳ እንኳ፣ ስለ ሰዓቷ ሊሳሳት ይችላል? እሱ ራሱ ስንቱን ደንበኛ በመልኩ ሳይሆን በሰዓቱ ነው የሚያውቀው። በጠዋቱ በተናገረው ነገር አፈረ፤ ከልቡ ነው ያፈረው። ዕቃውን በትንሽ ሳጥን ከተተና ተነሣ።

«የት ነው?» አለች እህቱ።

«ልለካ» አላት።

የጋጋሪው ቤት ሁለት ክፍል ነው። በሩ ላይ ሦስት መቀርቀሪያ አለ፣ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከመሃል፣ አንዱ እግር ሥር። የሰውዬው ጫማ በማሰሪያው ተቋጥሮ፣ እጅ ከማይደርስበት ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል። እሳቸው መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። ቁመታቸው ሟሽሿል እንጂ ክንዳቸው ዛሬም የሠራተኛ ክንድ ነው፤ ከአንጓቸው እስከ ክርናቸው ምድጃ የላሰው ጠባሳ ሞልቶታል።

«ይግቡ፣ ይግቡ» አሉት። «ዳቦ ግን አልቋል። ጠዋት ይምጡ።»

«እሺ አባባ፣ ጠዋት እመጣለሁ» አለ። አጠገባቸው በርጩማ ስቦ ተቀመጠና ሰዓቷን ጭናቸው ላይ አኖረላቸው። በጣታቸው ገፋ አደረጓት።

«የኔ አይደለችም።»

«የእርስዎ ምን ዓይነት ናት?»

ሚስትየው ከወጥ ቤቱ በር ሆነው አንገታቸውን አሰገጉ። ሰዓት ሠሪው አልቸኮለም፤ መጠበቅ ሲባል ጥርሱን የነቀለበት ነው።

«የኔ አንድ ጥርስ የላትም» አሉ ሽማግሌው በመጨረሻ። አውራ ጣታቸውን አምጥተው መስታወቱ ላይ አሳረፉ፤ በቀኝ በኩል፣ መሃል ላይ። «እዚህ ጋ። የምድጃው በር መታኝና ረገፈ። የዳቦ ቤቱ ባለቤት ላሠራልህ ቢለኝ እምቢ አልኩት።»

«ለምን?»

ይህን የማያውቅ ሰው መኖሩ ገርሟቸው አዩት። «አጭሩ ጠቋሚ እዚያ ጨለማ ውስጥ ሲገባ ነው የምነሣው። ዘጠኝ ሰዓት ነው። እንቅልፍ በዓይኔ እያለ ቁጥር ልቆጥር ነው? ጨለማውን አያለሁ፤ አጭሩ ካልገባ ገና ነው። ይችኛዋ» አሉ ሰዓቷን በንቀት እየገፉ፣ «ዙሪያውን ጥርስ ብቻ ናት። ምን ታወራለች?»

ሰዓት ሠሪው ለመጀመሪያ ጊዜ በሙያው አፍሮ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደደ። ያቺ ዓርብ ጠዋት እረፍት ባገኘ እጁ ያስቀመጣት ነጥብ፣ ያቺ ከሁሉ የተዋጣላት፣ ሰውዬው አርባ ዓመት የተመሩባትን አንዲት ምልክት ደፍናባቸዋለች። ማንም ድፈናት አላለውም። ለምን ባዶ ሆነች ብሎ አልጠየቀም፤ ባዶ መሆኗ ብቻ በቅቶት ነበር።

ወደ ወጥ ቤት ገባና ለሚስትየው በሹክሹክታ ነገራቸው። ሲነግራቸው ግን ያቺ የማታርፍ ማስተካከል የምትወድ ጭንቅላቱ ሌላ ሐሳብ አመጣች።

«እማማ፣ ይስሙኝ። ባዶውን ቦታ ወደ ታች ላውርደው። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ። ያኔ እሳቸው አጭሩ ጨለማ ውስጥ እስኪገባ ሲጠብቁ ይነጋል። ሌሊቱን ሙሉ ይተኛሉ፣ እርስዎም ያርፋሉ።» የራሱ ብልሃት ደስ አሰኘው።

አሮጊቷ በበሩ በኩል ባለቤታቸውን አዩ። ነገሩ የሚያጓጓ ነበር፤ ፊታቸው ላይ ይታያል። ስንት ወር እንቅልፍ ያጣ ሰው ናቸው።

«አይሆንም» አሉ። «አርባ ዓመት አንድ ቀን አላረፈደም። ልጅ ስወልድ አላረፈደም፣ እናቱን ቀብሮ በማግስቱ አላረፈደም። አሁን ምንም በማያውቅበት ጊዜ እኔ አላስረፍደውም።»

«ግን እማማ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ይነሣሉ እኮ።»

«ይነሣ። እኔን የገደለኝ መነሣቱ ነው እንዴ? መቼ እንደሚነሣ አለማወቄ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ከሆነ አብሬው እነሣለሁ። ዱቄት አለ፣ ጠረጴዛ አለ። ድሮም ሥራው ሌሊት ነው።»

ሰዓት ሠሪው የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ጠርጎ፣ ነጭ ወረቀት ዘርግቶ፣ ሰዓቷን እዚያው ፈታት። ስቴኪኒውን አሾለ። ያቺን ነጥብ ለአፍታ አያት፤ አላሳዘነችውም ብል እዋሻለሁ። ከዚያ ከሥሯ ገብቶ አነሣት፤ በአንድ ጊዜ፣ ሳትሰበር፣ ፈንጠር ብላ ወረቀቱ ላይ ወደቀች። ቦታውን በአልኮል ጠረገና ሰዓቷን ገጠማት። አምፖሉን አብርተው አበሏት።

መጋረጃውን ዘጉ፣ በመስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ደረቡበት። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ቢሆን ነው። ሽማግሌውን አልጋቸው ላይ አጋደሟቸው፤ ሰዓቷን ግራ እጃቸው ላይ አሰሩላቸው። ሰዓት ሠሪው በጨለማው ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ሰዓት ሠሪ ሆኖ ስንት ዓመት ሲኖር ልቡ እንዲያ ሲመታ ሰምቶ አያውቅም።

ሽማግሌው ክንዳቸውን ወደ ፊታቸው አመጡ። ቆዩ። አሮጊቷ መቁጠሪያ እንደያዘ ሰው ጣታቸውን ያፍተለትላሉ።

«ገና ነው» አሉ ሽማግሌው። ክንዳቸውን አወረዱ፣ ወደ ግድግዳው ዞሩ። ጥቂት ቆይቶ ማንኮራፋት ጀመሩ። አሮጊቷ የባላቸው እግር ሥር፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ድምፅ ሳያሰሙ አለቀሱ፤ ሰዓት ሠሪውም ዕቃውን በጨለማ እየዳሰሰ ለቀመና ወጣ።

የዚያ ሳምንት ረዘመበት። አንድ ሰዓት ለብቻው ሁለቴ ፈታ፣ ሁለቴ ገጠመ። ቅዳሜ ልጁ እንደሚመጣ ያውቃል፤ ጠረጴዛውን አንዴ ማንኳኳት ረስቶ እህቱ ዝም ብላ ስትረግጥ ዋለች፣ ሁለት ብሎንም ጠፋ። እሑድ ሱቅ ዝግ ነው። እሑድን እቤቱ እየተንጎራደደ ዋለ፣ እህቱ እስክትሰለቸው።

ሰኞ ጠዋት እሱና እህቱ ሲደርሱ አሮጊቷ ከተዘጋው ሱቅ ፊት ለፊት ቆመው ይጠብቃሉ። በወረቀት የተጠቀለለ ዳቦ ይዘዋል። ሰዓት ሠሪው ቁልፉን ከኪሱ ሳያወጣ ፊታቸውን መረመረ፤ ምንም አልተነበበለትም።

«ወሰዳቸው?» አለ።

«ብቻውን ሄደ» አሉ። «የያዘውን ሻንጣ ባዶውን መልሶ መኪናው ላይ ጫነው።»

እህቱ በሩን ከፈተች፣ ወንበሯን አቀረበችላቸው። ተቀመጡ። ዳቦውን ለእህትየው ሰጡና መናገር ጀመሩ።

ልጃቸው ቅዳሜ ማታ ደርሶ፣ የአባቱን ልብስ በሻንጣ ከትቶ፣ ጠዋት ሊሄዱ ሳሎን ሶፋው ላይ ተኛ። ሌሊት ሽማግሌው ሁለቴ ነቁ፤ ሁለቴም ክንዳቸውን አይተው «ገና ነው» ብለው ተኙ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ተነሡ። ሚስትየው ቀድመዋቸው ተነሥተዋል። ዱቄቱ ተነፍቷል፣ እርሾው ተበጥብጧል፣ ጠረጴዛው ተጠርጓል። ሽማግሌው በሩን አላዩትም። እጃቸውን እስከ ክርናቸው ታጠቡና ማቡካት ጀመሩ።

«ሊጡን ጠረጴዛው ላይ ሲያላጋው ልጁ በድምፁ ነቃ» አሉ አሮጊቷ። «መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ያደገው በዚህ ሥራ ነው፤ ግን አባቱ ሲሠራ አይቶ አያውቅም። ሁልጊዜ ተኝቶ ነዋ። አባትየው ቀና ብሎ አየው። ዓመት ሙሉ በመጣ ቁጥር ‹ይግቡ፣ ከየት መጡ?› ሲለው ነው የከረመው።»

የእህቱ እግር መርገጫው ላይ እንዳለ ቀርቷል።

«‹አንተ ደግሞ በዚህ ሌሊት ምን ያስነሣሃል?› አለው። ‹ነገ ትምህርት አለህ። ሂድ ተኛ።›»

«እሱስ ምን አለ?» አለ ሰዓት ሠሪው።

«ምን ይላል? ጸጉሩ የሸበተ ሰውዬ» አሉ አሮጊቷ፣ «‹እሺ አባዬ› አለና ሄዶ ተኛ።»